የትዳር አጋርን ካጡ በኋላ ያለፈውን ዓመት መለስ ብሎ ማየትና ለቀጣዩ ማቀድ፦ እንዴት?

ባለቤቴ ከሞተ ዓመት ካለፈው በኋላ መሳቢያ ውስጥ አንድ ወረቀት አገኘሁ። ሁለታችን ቁጭ ብለን የጻፍነው የዓመቱ ዕቅዳችን ነበር። ሰባት ነገር ተዘርዝሯል። አራቱ በእሱ የእጅ ጽሑፍ፣ ሦስቱ በእኔ። "እንጨርሳለን፣ እንሄዳለን፣ እናሳድሳለን" ይላል። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ልቅደደው? ልደብቀው? ወይስ ብቻዬን ልፈጽመው?

ስለ ዕቅድ የሚጻፉ ምክሮች ለዚህ ጥያቄ መልስ የላቸውም። የሚናገሩት አምና የነበረው ኑሮው ዘንድሮም ላልተነካበት ሰው ነው። የትዳር አጋሩን ላጣ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዕቅዱ ብቻ ሳይሆን አቃጁም ተለውጧል። ስለዚህ ሥራው አዲስ ግብ በመጻፍ አይጀምርም። መጀመሪያ ያለፈው ዓመት ምን እንዳደረገን ማየት፣ ከዚያ የጋራ የነበሩትን ዕቅዶች አንድ በአንድ አንስቶ ምን እንደምናደርጋቸው መወሰን ያስፈልጋል። አዲሱ ግብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ የሄድኩበትን መንገድ፣ ከሌሎች ከተማርኩት ጋር፣ በቅደም ተከተል እነሆ።

ደረጃ 1፦ ጊዜው መድረሱን ያረጋግጡ

ዓመት ተለወጠ፣ ሰው ሁሉ ያቅዳል ብለው አይቸኩሉ። የእርስዎ ዓመት የሚቆጠረው ባለቤትዎ ካረፉበት ቀን ነው። ዓመት የሚሞላበት ቀን ራሱ ከባድ ስለሆነ በዚያው ሰሞን አይጀምሩ። ሁለት ሦስት ሳምንት ይለፍ።

ካጡ ገና ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት ከሆነ የዓመት ዕቅድ ይቅርብዎ። የነገና የዚህ ሳምንት ይበቃል። ምን መከፈል አለበት? ማን ጋ መደወል አለበት? ልጆቹን ማን ያመጣል? ይኸው ነው ዕቅዱ።

ቤት መሸጥ፣ ከተማ መልቀቅ፣ ሥራ መተው፣ ብዙ ገንዘብ ማበደር የመሳሰሉ ትልልቅ ውሳኔዎችን ግን፣ ኑሮ ካላስገደደ በቀር፣ ለአንድ ዓመት ያህል ማቆየት በሀዘን ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ የተለመደ ምክር ነው። ጥሩ ምክርም ነው። በሀዘን ውስጥ የተቆረጠ ነገር በኋላ ሲያዩት የሌላ ሰው ውሳኔ ሊመስል ይችላል። "ቶሎ ፈርሚ፣ ቶሎ ፈርም" የሚል ሰው ከመጣ መልሱ "አስቤበት እነግርሃለሁ" ብቻ ይሁን። በሌላ በኩል የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። የውርስ ወረቀት፣ ጡረታ፣ ኢንሹራንስ፣ በሁለታችሁ ስም ያለ ብድር። ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም አብዛኞቹ የጊዜ ገደብ አላቸው። እነዚህን ከስሜትዎ ጋር ሳያያይዙ ቀድመው ይጨርሱ። ብቻዎን ከከበደዎት አንድ ሰው አብሮዎት ይሂድ።

የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ ነው። እርሳስ ያልኩት መሰረዝ ስለሚኖር ነው። በአንድ ጊዜ ከ30 ደቂቃ በላይ አይቀመጡ። ሀዘን ትኩረትንም ማስታወስንም ያዳክማል። ያነበቡትን መልሶ ማንበብ፣ ወደ ጓዳ ገብቶ ምን ፈልጌ ነበር ማለት የብዙ ሀዘንተኛ ገጠመኝ ነው። "ልቤን ልስት ነው እንዴ?" ብለው አይደንግጡ።

ደረጃ 2፦ የዓመቱን ዱካ ይሰብስቡ

ከማስታወስ አይጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከብዙዎቻችን አእምሮ ጠፍተዋል። እኔ የቀብሩን ሰሞን በደንብ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ግን ጭጋግ ናቸው። ስለዚህ ዱካ ይፈልጉ። የሞባይልዎን ፎቶዎች፣ የተላላኩትን መልእክት፣ የባንክ ደብተር፣ የሐኪም ቀጠሮ ወረቀት ይመልከቱ። ደብተሩ ላይ አሥራ ሁለቱን ወራት ይጻፉና ለእያንዳንዱ አንድ ሁለት መስመር ይሙሉ። "ልጁ ታመመ። እህቴ ሁለት ሳምንት አብራኝ አደረች።" "ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።" እንዲህ ነው። ማሳመር አያስፈልግም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሞባይሉን ሲከፍቱ የባለቤትዎ ፎቶ ወይም ድምፅ ፊትዎ ይመጣል። ሆድ ይብስዎታል። ያልቅሱ፣ ይዝጉት፣ ሌላ ቀን ይመለሱ። ይህን ሥራ ማታ ብቻዎን ሆነው ባይሠሩት ይመረጣል። ከጨረሱ በኋላ የሚያገኙት ሰው ይኑር፣ ቢያንስ በስልክ።

ደረጃ 3፦ "ምን ሠራሁ?" ሳይሆን "ምን ተሸከምኩ?" ብለው ይጠይቁ

የተለመደው የዓመት ግምገማ ውጤት ይቆጥራል። በእሱ ከለካነው የሀዘን ዓመት ባዶ ነው። ግን ባዶ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ቶማስ ሆልምስና ሪቻርድ ራሄ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሰውን የሚያስጨንቁ 43 የሕይወት ለውጦችን በነጥብ ደረጃ አስቀምጠው ነበር። ከሁሉ በላይ፣ በ100 ነጥብ፣ የተቀመጠው የትዳር አጋር ሞት ነው። ማግባት ራሱ 50 ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ከታች ያለው ዝርዝር ነው። የገቢ መለወጥ፣ የኑሮ ሁኔታ መለወጥ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የአመጋገብ መለወጥ፣ የማኅበራዊ ኑሮ መለወጥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ነጥብ አላቸው። የትዳር አጋሩን ያጣ ሰው ደግሞ እነዚህን አንድ በአንድ ሳይሆን ባንድ ላይ ነው የሚቀበለው።

ስለዚህ አዲስ ገጽ ይክፈቱና ባለቤትዎ ይሠሩት የነበረውን ሁሉ ይዘርዝሩ። ትልቁንም ትንሹንም። ማታ በር መቆለፉን የሚያየው ማን ነበር? የዘመድ ልደትና ሠርግ የሚያስታውሰውስ? ልጅ ሲያጠፋ የሚቆጣው ማን ነበር፣ የሚያባብለውስ? ከጎረቤት ጋር የሚነጋገረው፣ ሂሳብ የሚከፍለው፣ ሲያማችሁ "ተነሥ ሐኪም ቤት እንሂድ" የሚለው? የእኔ ዝርዝር ሁለት ገጽ ሞላ። መብራት የሚከፍለው እሱ መሆኑን ያወቅሁት አንድ ቀን ሲቋረጥብን ነው።

ከእያንዳንዱ አጠገብ አሁን ማን እየሠራው እንደሆነ ይጻፉ። "እኔ" የሚለው ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ያያሉ። ዓመቱን ሙሉ የሁለት ሰው ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል ማለት ነው። "ማንም" የሚለው ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት ትልቅ ፍንጭ ነው። አንዳንዱ ሥራ ሰው ይፈልጋል። አንዳንዱ ቢቀርም ምንም አይሆንም። "እንዴት ዋልሽ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው የሚለውን ግን ማንም አይተካውም። እሱን ዝም ብሎ መጻፍ ብቻ ነው።

ከዚህ ሌላ የሚከተሉትን በአጭሩ ይመልሱ፦

- ሳልጠብቀው አብሮኝ የቆመ ማን ነው? እቆጥርበት ነበር፣ ግን የራቀኝስ?
- በጣም የወደቅሁት መቼ ነው? ከዚያስ ምን አነሳኝ?
- አምና የማልችለው፣ አሁን የምችለው ምንድን ነው?
- መጀመሪያ ከልቤ የሳቅሁት መቼ ነበር?

የመጨረሻው ጥያቄ አንዳንድ ሰው ላይ ጥፋተኝነት ይቀሰቅሳል። እኔም ላይ ቀስቅሷል። ሳቄን ሰምቼ አፌን በእጄ ይዤ ነበር። ቢሆንም ይጻፉት። እሱም የዓመቱ አካል ነው።

ጸጸት ከመጣ የራሱ ገጽ ይሰጠው። "ቶሎ ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ፣ ያን ቀን ባልቆጣው ኖሮ" የሚለው ሐሳብ ከሌላው ጋር ከተደባለቀ ሁሉን ይበክላል። ለባለቤትዎ በደብዳቤ መልክ ይጻፉትና ወረቀቱን አጥፈው ያስቀምጡት፤ ማንም አያነበውም። አንዳንዱ ጸጸት ሲጻፍ መልሱ አብሮ ይመጣል፦ ያን ቀን ያወቁት ነገር ዛሬ ከሚያውቁት ያነሰ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ራስዎን ያዳምጡ

ይህን ሁሉ ሲጽፉ ሀዘኑ ከመጀመሪያው ቀን ምንም እንዳልተነቃነቀ ካዩ፣ ናፍቆቱ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሥራም ልጅም እንዳያዩ ካደረገ፣ ሕይወት ትርጉም ካጣብዎት፣ ዕቅዱን ይተዉና ሐኪም ያማክሩ። ይህ ሁኔታ ዛሬ በሕክምናው ዓለም ስም አለው፤ የተራዘመ ሀዘን ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ቢያንስ 6 ወር ያለፈውን ይቆጥራል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በዚያው ዓመት ያወጣው መመሪያ ደግሞ ለአዋቂ ሰው 12 ወር ይላል። የሚረዳ ሕክምና አለው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ወር አይቆጠርም። በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፣ ሐኪም ቤትም ይሂዱ።

ደረጃ 4፦ የጋራ ዕቅዶችን ይለዩ

ለእኔ ከሁሉም የከበደው፣ ከሁሉም የጠቀመው ይህ ነው። የተጻፈ ወረቀት ላይኖርዎት ይችላል። አብዛኛው ባልና ሚስት የሚያቅደው በወሬ ነው። "ልጆቹ ሲያድጉ እንዲህ እናደርጋለን"፣ "ጡረታ ስንወጣ እዚያ እንኖራለን።" የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉት። ከዚያ ስለ እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህ የማን ፍላጎት ነበር?

መልሱ ሁልጊዜ "የሁለታችን" አይደለም። አንዳንዱ የባለቤትዎ ነበር፤ እርስዎ ከፍቅር የተነሣ አብረው ሲጎተቱ ኖረዋል። አንዳንዱ የእርስዎ ነበር፤ እሳቸው ስላልወደዱት ተዘግቶ ቀርቷል። ይህን ማየት ሟችን መውቀስ አይደለም። ትዳር እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ለአንዱ ይተዋል።

ከዚያ በአራት ይክፈሏቸው።

የሚቀጥሉ። ብቻዎን ሆነውም የሚፈልጓቸው፣ አቅሙም ያለዎት። የልጆቹን ትምህርት ማስጨረስ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ይገባል።

መልካቸውን ለውጠው የሚቀጥሉ። እኛ ሩቅ ጉዞ አስበን ነበር። ያን ጉዞ ብቻዬን ማድረግ አልፈለግሁም፤ ባዶውን መቀመጫ ሳስበው ይጨንቀኝ ነበር። ግን አንድ ቀን ተነሥቶ ከቤት መራቅ ያስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ ከእህቴ ጋር ለሦስት ቀን ወደ ቅርብ ቦታ ሄድን። ያው ዕቅድ ነው፣ ያነሰ።

ለሌላ የሚተላለፉ። ባለቤቴ አባቱ በልጅነቱ የነገሩትን ታሪክ ሊጽፍ አስቦ ነበር። እኔ ያን ታሪክ አላውቀውም። የሚያውቀው ወንድሙ ነው። ሄጄ ሰጠሁት። "ጻፍልኝ" አልኩት። ወንድምየውም የሚይዘው ነገር ሲፈልግ እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የሚሰናበቱ። አንድ ልጅ እንወልዳለን የሚል ዕቅድ፣ አብረን እናርጃለን የሚል ዕቅድ። እነዚህ ከሰው ጋር አብረው ይሞታሉ። ዝም ብለው አይሰርዟቸው። ጮክ ብለው ያንብቧቸው፣ ከተቻለ ለሚወዱት ሰው። ሰው የሞተበት ሰው የሚያዝነው ለነበረው ብቻ አይደለም፤ ሊሆን ለነበረውም ነው። ለዚያኛው ሀዘን ግን ለቅሶ የሚደርስ የለም። ስለዚህ ራስዎ ይድረሱለት።

በአንድ ቀን አይጨርሱት። እኔ ሰባቱን ዕቅድ ለመለየት አንድ ወር ገደማ ፈጅቶብኛል። ሁለቱን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አዘዋውሬያለሁ።

"ማቀዴ መርሳት አይሆንም ወይ?"

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። በኔዘርላንድስ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ማርጋሬት ስትሮበና ሄንክ ስኹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ እኔን ረድቶኛል። እንደ እነሱ አገላለጽ ሀዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል። አንዳንድ ጊዜ ወደ ሀዘኑ ይዞራል፤ ያለቅሳል፣ ፎቶ ያያል፣ ይናፍቃል። ሌላ ጊዜ ወደ አዲሱ ኑሮ ይዞራል፤ ሂሳብ ይከፍላል፣ አዲስ ሥራ ይማራል፣ ከሰው ይገናኛል። ምልልሱ ራሱ ነው ጤነኛው መንገድ። ጠዋት አልቅሶ ከሰዓት በኋላ ማቀድ መዋሸት አይደለም። ያቀዱ ቀን ማልቀስም ወደ ኋላ መመለስ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ጥቂት ግብ ይምረጡ፣ ከሰውነትዎ ይጀምሩ

ሦስት ግብ ይበቃል። አራተኛ ካሰኘዎት የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይጠብቅ።

የመጀመሪያው ጤና ይሁን ብዬ አጥብቄ እለምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ሚስቶቻቸው የሞቱባቸውን 4,486 ወንዶች ተከታትሎ ነበር። ሁሉም 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት 213ቱ ሞቱ። ይህ በዚያ ዕድሜ ካሉ ባለትዳር ወንዶች ይጠበቅ ከነበረው በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ጭማሪው ጎልቶ የታየው በልብ ሕመም ነው። ከዚያ በኋላም ሌሎች ጥናቶች ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። ሰው በሀዘን መድኃኒቱን ይረሳል፣ ቀጠሮውን ይተዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ግብ "ጤንነቴን እጠብቃለሁ" ሳይሆን "በዚህ ወር ምርመራ አደርጋለሁ፣ ቀጠሮ የምይዘው ማክሰኞ ነው" የሚል ይሁን።

ሁለተኛው ከሰው ጋር የሚያገናኝዎት ይሁን። ሦስተኛው የራስዎ፣ የልብዎ። በደረጃ 4 "ተዘግቶ ቀርቷል" ካሉት ውስጥ ቢፈልጉ ያገኙታል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልበል። የቤቱን ሂሳብ ይይዙ የነበሩት ባለቤትዎ ከሆኑ "ይህን ያህል እቆጥባለሁ" ብለው አይነሡ። ለሦስት ወር የሚገባውንና የሚወጣውን እየጻፉ ይዩ ብቻ። ግቡ ማወቅ ነው። የቁጠባው ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ግቡን ሲጽፉ ሁለት ነገር ይጨምሩበት።

አንደኛ፣ የከፋ ቀን መጠን ይስጡት። "በደህና ቀን 30 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ። በከፋ ቀን እስከ በሩ ደርሼ እመለሳለሁ።" እስከ በሩ የተደረሰበት ቀንም ግቡ የተፈጸመበት ቀን ነው።

ሁለተኛ፣ ከሚያውቁት ሰዓትና ቦታ ጋር ያስሩት። ፒተር ጎልቪትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ "እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ" ብለው የወሰኑ ሰዎች ዝም ብለው "አደርጋለሁ" ካሉት ይበልጥ ያሰቡትን እንደሚፈጽሙ አሳይቷል። ለሀዘንተኛ ይህ ሁለት እጥፍ ይጠቅማል፤ በዚያች ሰዓት ማሰብ አይጠበቅበትምና። የእኔ ይህ ነበር፦ "ከሥራ ስመለስ ጨለማ ቤት መግባት ሲያስፈራኝ፣ ቁልፉን ከማውጣቴ በፊት ለእህቴ እደውላለሁ።" ስልኩ ሳይዘጋ ገብቼ መብራት አበራ ነበር።

ደረጃ 6፦ ከባድ ቀኖችን ቀድመው ምልክት ያድርጉ

የቀን መቁጠሪያ ይውሰዱና የልደታቸውን ቀን፣ የተጋቡበትን ቀን፣ ያረፉበትን ቀን፣ በዓላትን ያክብቡ። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ሁለት ነገር ይጻፉ። ከማን ጋር እውላለሁ? ካልቻልኩስ እንዴት እወጣለሁ? "ራሴን አሞኛል ብዬ እነሣለሁ" ማለትም ዕቅድ ነው። በእነዚህ ሳምንታት ሌላ ግብ አይጫኑባቸው። በመጀመሪያው ዓመት በሩ በጠያቂ ይሞላ ነበር። በሁለተኛው ሰው ወደየኑሮው ይመለሳል። ሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው የከበዳቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ እንዲደወልልዎ ከፈለጉ ቀኑን ለይተው አስቀድመው ይንገሩ።

ደረጃ 7፦ ለማን እንደሚነግሩ ይምረጡ

ዕቅድዎን ለሁሉም አይናገሩ። አንዱ "ገና በዓመቱ!" ይላል፣ ሌላው "እስከ መቼ ልትቀመጪ ነው?" ይላል። ሁለቱም ከፍቅር ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ያደክማል። አንድ የሚያዳምጥ ሰው ይበቃል።

ልጆች ካሉ የእነሱን ድርሻ በልካቸው ይስጧቸው። አሥር ዓመት ያልሞላውን ልጅ "ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ" ማለት ሸክም ነው። "ቅዳሜ ቅዳሜ አበባውን ውሃ የምታጠጣው አንተ ነህ" ማለት ግን ቦታ መስጠት ነው።

ደረጃ 8፦ በየሦስት ወሩ ይመለሱበት

ደብተሩን ይክፈቱና ስለ እያንዳንዱ ግብ ይወስኑ፦ ይቀጥል፣ ይነስ፣ ይቆይ ወይም ይቅር። የቀረው ለምን እንደቀረ አንድ መስመር ይጻፉ። "አልቻልኩም" ከሆነ ግቡ በዝቷል፤ ይቀንሱት። "አልፈለግሁትም" ከሆነ ሌላ ያግኙ።

ከእነዚያ ሰባት ዕቅዶች ውስጥ እስካሁን ያልተነካ አንድ አለ። የመኝታ ቤቱን መስኮት ማሳደስ ነው፤ በእሱ እጅ ነው የተጻፈው። ባለፈው ሦስት ወር ሳየው አሁንም አልቻልኩም። እንጨቱን የለካበት የእርሳስ ምልክት እዚያው ላይ አለ። ወደሚቀጥለው ገጽ በእርሳስ አሻገርኩት።